ስድስት ነጥብና ሦስት ቀዳዳ

በወርክሾፓችን «እትዬ ጢጥ» ነበር የምንላት። ስሙን ያወጣላት የተሠራውን መሣሪያ የሚያሽገው ልጅ፣ አሻጊው ነው። እሱ ስም ያላወጣለት ሰው በግቢው አልነበረም፤ እኔንም በዚህ ሽበቴ «ሊቀ ቦርድ» ይለኝ ነበር። የሌሎቻችን ስም ሳምንት ቆይቶ ሲረሳ የእሷ ግን ተጣብቆ ቀረ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከጠረጴዛዋ የሚሰማው ድምፅ ያው ነበርና፦ ጢጥ። ጥቂት ዝም ይላል። ከዚያ ደግሞ ጢጥ።

እኛ የምንሠራው የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ነው። ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑን ያጠፋል፣ ሲጎድል ያስነሳል። ይህን ሁሉ የሚያስበው በውስጡ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ያለ ጥፍር የሚያህል ማይክሮኮንትሮለር ነው። ቺፑ ከሻጭ ሲመጣ ባዶ ነው፤ ምንም አያውቅም። ዕውቀቱን የሚቀበለው በቦርዱ ጠርዝ ላይ በተበየደች የኬብል መሰኪያ፣ በኮኔክተር በኩል ነው። ኬብሉ ይሰካል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ ፕሮግራሙ ይገባል፣ ፍተሻው ይደረጋል። ደህና ከሆነ አረንጓዴ መብራት በርቶ ኬብሉ የተያያዘበት መሣሪያ አንድ ጊዜ ጢጥ ይላል። ካልሆነ ቀይ በርቶ ሁለት ጊዜ ይላል። ቦርዱ ከጊዜ በኋላ ቢታመምም ሕመሙን የሚናገረው በዚያችው ኮኔክተር ነው። ለደንበኛው ግን ምኑም አይደለችም። እሱ መኖሯንም አያውቅ። ሥራዋ የአንድ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተሸፍና ትቀራለች።

በዚያች ደቂቃ ላይ የተቀመጠችው እትዬ ጢጥ ነበረች። በቀን ሁለት መቶ ቦርድ በእጇ ያልፋል።

ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት በሸሚዝ ፋብሪካ ኮሌታ ሰፍታለች። እጅጌ አይደለም፣ ኪስ አይደለም፤ ኮሌታ ብቻ። «በዚህ ከተማ ስንት አንገት በእጄ እንዳለፈ አትጠይቁኝ» ትል ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ልጃቸው አራት ዓመት ሳይሞላት በአደጋ መንገድ ላይ ቀረ። ፋብሪካው ሲዘጋ ልጅቷ ገና ተማሪ ናት። እናት በጽዳት ሠራተኛነት ልትቀጠር ወደ ግቢያችን መጥታ፣ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ በተከፈተው መዝጊያ በኩል የቦርድ ሥራ ሲሠራ አየች። ገብታ ለኢንጂነሩ፣ ለወርክሾፑ ባለቤት፣ «መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ስጡት፤ እኔ ይሄንን እችለዋለሁ» አለችው። እሱም ሳቀና አስቀመጣት።

ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔ ራሴ ወደዚያ ቤት የገባሁት በዘበኝነት ነበር፤ ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ሰዎች ከጣሏቸው መጻሕፍት ነው። ዘግይቶ የሚማር ሰው ምን እንደሚያስቸግረው አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ኮኔክተሩን አሳየኋት፤ በሁለት ረድፍ የቆሙ እንደ መርፌ የቀጠኑ አሥር ፒኖች፣ ዙሪያቸውን የፕላስቲክ ሳጥን፣ በሳጥኑ አንድ ጎን የተሸረፈ ክፍተት።

«ይሄ ጎኑ ለምን ተሸረፈ?»

«ኬብሉ ተገልብጦ እንዳይገባ ነው።»

ሳጥኑን አገላብጣ አየችና «እንግዲህ የሠራው ሰው፣ ሰው እንደሚሳሳት ያውቅ ነበር ማለት ነው» አለች። ከመጽሐፎቼ በአንዱም ላይ እንዲህ ተብሎ አልተጻፈም።

ዓመታት አለፉ። ልጅቷ አድጋ በሌላ ከተማ የነርስነት ትምህርት ገባች። እናትም ጠረጴዛዋ ላይ ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ወርክሾፓችን ምድር ቤት ነው፤ ያለችው አንዲት መስኮትም ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ነው የምትተያየው። የአየር ማራገቢያው ቆመ፣ ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ኮምፒውተሮቹ ብቻ በባትሪያቸው ይሠራሉ። በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ጢጥ።

«እትዬ ጢጥ!» አለ አሻጊው። «ምን ሆነሽ ነው? የድመት ዓይን ገዛሽ እንዴ?»

«አንተ ዓይንህን ለምግብ ብቻ ስለምታውለው ነው» አለችው። «ለሌላም ሥራ ማዋል ይፈቀዳል።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ጢጥታው መብራት እያለ ከሚሰማው አልፈጠነም፣ አልዘገየም። በማግስቱ ሥራ ያለኝ አስመስዬ አጠገቧ ቆየሁ። ቦርዱን ስታነሳ ዓይኗ ቦርዱ ላይ አልነበረም። አውራ ጣቷ ሳጥኑን ይዳብሳል፣ ክፍተቱን ያገኛል፣ ኬብሉ ይገባል። አረንጓዴው መብራት ሲበራ ቀና አላለችም። ጢጥን ሰምታ ቦርዱን አስቀመጠችና ሌላ አነሳች።

በሻይ ሰዓት ግቢ ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ አገኘኋት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«እህቴ፣ እኔን አታድክሚኝ።»

እጇን መታጠቧን ሳታቋርጥ፣ «ዓመት ሊሆነው ነው» አለች። «መሃሉ ነው የጠፋው፤ ዳር ዳሩ አለ። ሰው ሲያናግረኝ ጆሮውንና ትከሻውን ነው የማየው። ፊቱ ባለበት ቦታ ጭጋግ ነው።»

«ሐኪምስ?»

«ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ አለኝ። የሄደው አይመለስም አለ።»

«ልጅሽ ታውቃለች?»

ይህን ስጠይቃት ቧንቧውን ዘጋችው። «አታውቅም፣ አታውቅምም! ብታውቅ ደብተሯን ጥላ በማግስቱ ነው እዚህ የምትደርሰው። አሥራ አራት ወር ቀርቷታል። አሥራ አራት ወር ብቻ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ልሰንብት። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን። ኢንጂነሩ ከሰማ ግን አንድ ቀን አያሳድረኝም፤ የመጨረሻ ፍተሻውን የምፈርመው እኔ ነኝ። በልጆችህ ማልልኝ።»

ማልኩላት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሳላስበው ጠባቂዋ ሆንኩ። ወንበር በመንገዷ ላይ ከቀረ አነሳለሁ። አዲስ ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ለራሴ እንደማነብ አድርጌ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አሻጊው «ሊቀ ቦርድ ደግሞ ዜና ማንበብ ጀመሩ» ይል ነበር። እሷ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አመስግና አታውቅም። ያኔ ሥራዬን ሳታውቀው የቀረች መስሎኝ ነበር።

አምስት ወር እንዳለፈ አንድ የታንከር ነጋዴ አዲስ ነገር አዘዘን። መቆጣጠሪያው ግድግዳ ላይ መሆኑ ቀርቶ እታንከሩ ውስጥ በሚሰቀል ቀጭን ቱቦ እንዲገባለት ፈለገ። ቱቦው በሙጫ ይሞላል፣ ይታሸጋል፣ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ኢንጂነሩ የቱቦውን ቁራጭ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ቦርዱ ከአሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። የቀረውን እርስዎ ያውቃሉ» አለኝ።

ቺፑ ገባ። ሌላው ሁሉ እንደ ምንም ተጨናንቆ ገባ። የቀረው ኮኔክተሩ ነው። የድሮው ሳጥን ቁመቱ ብቻ ከቱቦው ግማሽ ሊስተካከል ምንም አይቀረው፤ እሱ ከመጀመሪያው ወደቀ። ሁለት ምርጫ ቀረኝ። አንደኛው የዚያው ሳጥን ታናሽ ወንድም ነው፤ አሥሩ ፒኖች በግማሽ ርቀት ተጠጋግተው የቆሙበት፣ ያው ክፍተት ያለው፣ ግን የሩዝ ፍሬ የምታህል ክፍተት። ሁለተኛው ጭራሽ ኮኔክተር የማይባል ነው። ቦርዱ ላይ ምንም አይበየድም፤ ስድስት የወርቅ ቅብ ነጥቦች ብቻ በሁለት ረድፍ ይታተማሉ፣ አጠገባቸው ሦስት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ በአንዱ ጫፍ ሁለት፣ በሌላው ጫፍ አንድ። ኬብሉ ነው መርፌ ያለው። የኬብሉ ሦስት ጥርሶች ቀዳዳዎቹን ያገኛሉ፣ ባለ ስፕሪንግ መርፌዎቹ ነጥቦቹን ይነካሉ፣ ፕሮግራሙ እስኪገባ በእጅ ተጭኖ መያዝ ነው። ቦታ አይፈልግም፣ ከፍታ የለውም፣ ዋጋም የለውም። በሙጫ ለሚታሸግ ቦርድ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ጀማሪ ተማሪ እንኳ ይህን ይመርጥ ነበር።

እኔ ግን እሷን አሰብኩ። ናሙና ቦርዱንና ኬብሉን ከሻጭ አስመጥቼ፣ ብቻዬን ሆኜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነጥቦቹን በአውራ ጣቴ ዳበስኩ። ልሙጥ ነው። ደግሜ ዳበስኩ። ጣቴ ምንም አልነገረኝም። በቃ፣ ለእሷም አይናገርም አልኩ።

የእኔ ጣት ሃያ ዓመት በመበየጃ የተቃጠለ ጣት ነው። ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ሆኗል። ይህን አላሰብኩም። እሷንም ጠርቼ «እስቲ ዳብሺው» አላልኳትም። ትንሹን ሳጥን ሳልኩ።

ኢንጂነሩ ሥዕሉን ሲያይ ቅር አለው። «ጋሼ፣ ሳጥኑ ምን ይሠራል? ነጥቦቹ አይበቁም?»

«ነጥቦቹ ራቁታቸውን ናቸው። ታንከር ውስጥ እርጥበት አለ፤ ይዝጋሉ።»

«ሙጫው ይሸፍናቸው የለ?»

«ሙጫ ይሰነጠቃል።»

«አንድ ጊዜ ለሚከፈት በር ይህን ሁሉ ቦታ?»

«እኔ የምለውን ብያለሁ» አልኩት፣ መነጽሬን አውልቄ።

በዕድሜዬ ሙሉ በሙያዬ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። እሱም ያንን ስለሚያውቅ «እርስዎ ካሉ እሺ» ብሎ ፈረመ።

ሦስት መቶ ቦርድ ተሠራ። የመጀመሪያውን ሲሰጧት ከጠረጴዛዬ ሆኜ ተመለከትኩ። አውራ ጣቷ ሳጥኑን ዞረው፣ ቆም አለ፣ ክፍተቱን አገኘ። ጢጥ። «አጠረ እንጂ ያው ሰውዬ ነው» አለች ለራሷ። በዚያ ቀን እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። አወይ ሞኝነት! ሰው ሲያጠፋ ደስ የሚለው ጊዜ አለ።

በሦስተኛው ወር ነጋዴው ሠላሳ አንድ ቱቦ በጆንያ አስጭኖ መጣ። አንዳንዱ ፓምፑን አስነስቶ አላጠፋም፣ ታንከር ሞልቶ ጣራ ለጣራ ፈሷል። አንዳንዱ በየደቂቃው እየጠፋ ይነሳል። ኢንጂነሩ ሁላችንንም ትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ ጠርቶ ቱቦዎቹን በመጋዝ መሰንጠቅ ጀመረ። ሙጫው ውስጥ ባዶ ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ጠብታ ውሃ፣ በውሃው ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት። አንዱም እንዲሁ፣ ሌላውም እንዲሁ።

ሙጫውን የሚያፈሰው አሻጊው ነበር።

«ቀስ አድርገህ አፍስስ ብዬህ አልነበር?» አለው ኢንጂነሩ።

«ኢንጂነር፣ በእናቴ እምላለሁ፣ ሕፃን እንደማጠጣ አድርጌ ነው ያፈሰስኩት።»

«ታዲያ ይህ አየር ከየት መጣ? አንተ ወሬህን ስታወራ ነው የገባው!»

«ወሬዬማ ከአፌ ነው የሚወጣው፣ ቱቦ ውስጥ ምን ይሠራል» አለ፤ የሳቀለት ሰው ግን አልነበረም።

«ከነገ ጀምሮ አትምጣ።»

እኔ ጉድጓዱን እንዳየሁ ገብቶኛል። አየሩ የታፈነው በኮኔክተሩ ሳጥን ውስጥ ነው። ቱቦው ቆሞ ሙጫ ሲፈስበት የሳጥኑ አፍ ወደ ጎን ስለሆነ፣ በተጠጋጉት ፒኖች መካከል ያለው አየር መውጫ አጣ። ጠብታዋ ሁለት ፒኖችን ስታገናኝ ቺፑ ሥራውን ጥሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ነጥቦቹን መርጬ ቢሆን ኖሮ ሙጫው በልሙጡ ላይ ተኝቶ ያርፍ ነበር። ይህን ሁሉ አውቄ ቆሜ ዝም አልኩ። መሐላ አለብኝ አልኩ ለራሴ። እውነቱን ለመናገር፣ መሐላው ብቻ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊቀ ቦርድ ተሳሳተ መባልም ከብዶኝ ነበር።

«አንዱን ስጡኝ» አለች እትዬ ጢጥ።

የተሰነጠቀውን ሰጧት። ሁሉም እንደ ጉድ ያያታል። ትንሿን ጣቷን ወደ ጉድጓዱ ከታ ዳበሰች፣ ግድግዳዎቹን ለካች፣ ክፍተቱን አገኘች። ፊቷ ተለወጠ።

«ይህ የሳጥኑ ውስጥ ነው» አለች። «ልጁ ምንም አላጠፋ። ብርጭቆ ባፉ ደፍታችሁ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ውስጡ ይሞላል?» ከዚያም ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፤ ወደ እኔ ሳይሆን ከእኔ ትንሽ ወደ ጎን። «ወንድሜ፣ ሳጥኑን ለምን መረጥከው?»

«ነጥቦቹ ይዝጋሉ ብዬ…»

«የለም። እውነቱን።»

መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ። እሷ ግን ከዝምታዬ አነበበችው። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ዋሽቼ እንደማላውቅ ታውቃለች፣ ስዋሽም ምን እንደምመስል ያን ቀን አወቀች።

ኢንጂነሩን «ልጄ» አለችው። እንዲያ ብላው አታውቅም ነበር። «ለእኔ ሲል ነው። ዓይኔ ከጠፋ ዓመት ከመንፈቅ አለፈው። ቦርዱን የምሰካው በጣቴ ነው፣ ፍተሻውን የምፈርመው በጆሮዬ ነው። ሳጥኑ ሲወገድ አትችልም ብሎ አስቦ ነው ያስቀረው። አሻጊውን መልሰው።»

ኢንጂነሩ እኔን አየኝ። አንገቴን ደፋሁ። አሻጊው «እትዬ…» ብሎ ጀመረና ቃል አጠረው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። እሷ ግን «ያንን ነጥብ ያለበትን ናሙና አምጡልኝ» አለች። ናሙናው ከኬብሉ ጋር መደርደሪያዬ ላይ ነበር፤ አሻጊው ሮጦ አመጣው። ቦርዱን በግራ እጇ ያዘች። እኔ እንዳደረግኩት በአውራ ጣቷ ሆድ አልዳበሰችም። በትንሿ ጣቷ ጥፍር ጫፍ፣ የስፌት መስመር እንደሚፈልግ ሰው፣ ቀስ ብላ ጫረችው።

«በዚህ አንድ፣ ሁለት» አለች። ጥፍሯ ተጓዘ። «በዚያ በኩል አንድ። ሦስት ቀዳዳ ነው አይደል? ሁለቱ በአንድ ወገን ከሆኑማ ተገልብጦም አይገባ።»

ኬብሉን አነሳች፣ ጥርሶቹን በጥፍሯ መራቻቸው፣ ተጫነች። ከመሣሪያው ጋር አገናኝተው ቁልፉን ጫኑላት።

ጢጥ።

እሷ ቦርዱን አስቀምጣ እኔ ብቻ እንድሰማው ዝቅ ባለ ድምፅ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» አለችኝ። «አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሮው አስገብቷት ብዙ ቆዩ፤ እኔም በሩ አጠገብ ቆሜ ሰማሁ።

«እትዬ፣ ጣትዎን አላማሁም። በዓይኔ ያየሁት ነው። ግን ነጋዴው ነገ መጥቶ ‹የመጨረሻውን ፍተሻ ማን አየው?› ቢለኝ ምን እላለሁ?»

«ጣቷ አየው በለው።»

«ሠላሳ አንድ ቱቦ ከተመለሰ በኋላ? አያምነኝም። ትናንት ቢሆን ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ዛሬ ሁሉም ሰምቷል።»

«ስድስት ወር ብቻ ነው የቀረኝ ልጄ። ልጅቷ እስክትጨርስ።»

«ሌላ ሥራ ልፈልግልዎት። ጽዳቱ አለ…»

«የማላየውን ቆሻሻ እንዴት ልጥረገው?» አለች፤ ሳቅ ያለበት ድምፅ ነበር፣ ግን መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

ስትወጣ አጠገቤ አለፈች። መኖሬን አውቃለች፤ አልቆመችም። እኔም ወዲያው ገብቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው። የሚወጣ ሰው ካለ እኔ ልውጣ፣ እሷ ትቆይ» አልኩት። ኢንጂነሩ ግንባሩን በመዳፉ ይዞ «ጋሼ፣ እርስዎ ቢወጡ ቦርዱን ማን ይሳልልኛል?» አለኝ። ስለዚህ ቀረሁ። ስድስቱን ነጥቦችና ሦስቱን ቀዳዳዎች በዚያው ሳምንት በገዛ እጄ ሳልኳቸው። ትክክለኛው ምርጫ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መርጬው ቢሆን ኖሮ ሙጫው አይታማም፣ አሻጊው አይከሰስም፣ እሷም በሰው ፊት ምስጢሯን አታወጣም ነበር። እስከ ዛሬም ጢጥ እያለች ልጇን ባስመረቀች።

እስከ ዓርብ ብቻ እንድትሠራ ተወሰነ፤ ቀሪዎቹን ሦስት ቀናት ጠረጴዛዋን ለአሻጊው ስታስረክብ ዋለች። ሌላ የሚሆን ሰው አልነበረም። እሱ በዓይኑ እያየ ኬብሉን ስድስቴ ሲስት፣ እሷ ሳታይ እጁን ይዛ ታሳየዋለች።

«አትፍጠን። ቀዳዳውን አስቀድም፣ መርፌው ይከተላል።»

«እትዬ፣ እኔ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ አልችልም። ይቆጠቁጠኛል።»

«ተቀመጥ! ወንበር ምን አጠፋ? አንተ ዝም ካልክ ቤቱ ሬሳ ያለበት ይመስላል፤ አንድ ነገር ቀልድ።»

ሞከረ፣ አልሆነለትም። ዓርብ ማታ ካፖርቷን ለብሳ፣ ግድግዳውን በእጇ ጀርባ እየነካች ወጣች። እኛም ቆመን አየን።

ሁለት ወር ያህል ልሄድ እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ። ፊት አጣሁ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። የምትኖረው ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ ሥር የቆየ የስፌት መኪና ጨርቅ ለብሶ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያረጁ የሸሚዝ ኮሌታዎችን ትፈታ ነበር። የጎረቤት ሰዎች የሚያመጡት ሥራ ነው፤ የተላጠውን ኮሌታ ፈትቶ፣ ገልብጦ፣ ደህናውን ወገን ወደ ላይ አድርጎ መልሶ መስፋት።

በእርምጃዬ አውቃኝ «ግባ» አለች። «ወንበሩ በስተግራህ ነው።»

ልጅቷ የለችም። ስለ እሷ ለመጠየቅ ስፈራ እናቷ ራሷ ነገረችኝ። ልጅቷ ነገሩን ከሰው ሰምታ በሳምንቱ መጣች። እናቷ ተመለሺ ብላ ለምናት፣ ተቆጥታ፣ አልቅሳ አልሆነላትም። አሁን በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ኮፒ ታነሳለች። ዛሬም እሑድ ቢሆን ፈተና ስለደረሰ ሱቁ ክፍት ነው፤ የሌሎች ልጆች ማስታወሻ ታባዛለች።

«ስድስት ወር ነበር የቀራት» አለች። «ሌላ ጊዜ እጨርሳለሁ ትለኛለች። እኔም ኮሌታ ሌላ ጊዜ እሰፋለሁ ብዬ ነበር ወደ እናንተ የመጣሁት።»

ይቅርታ ለመጠየቅ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ቃሎቹን መንገድ ላይ ደርድሬያቸው ነበር። «እህቴ፣ እኔ…» ስል እጇን አነሳች።

«ክፉ አላሰብክም፤ አውቃለሁ። ክፉ ብታስብ ይቀለኝ ነበር፣ እሰድብህ ነበር።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ወንበር ከመንገዴ ስታነሳልኝም አውቅ ነበር። ተው ያላልኩህ ደስ የሚልህ ስለሚመስለኝ ነበር። ለካስ የእኔን ጣት ለካህና ቆርጠህ ጣልከው።»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር ስሠራ ለቦርድ ሁሉ መለኪያ ነበረኝ፤ ሚሊ ሜትሩን፣ ቮልቱን፣ ሙቀቱን ለክቼ እንጂ ገምቼ አልሠራም። እሷን ግን በገዛ ጣቴ ገምቼ አለፍኩ።

ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ትራስ ነበረች፤ በትራሷ ላይ የተሰኩ መርፌዎች። ልጅቷ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብታ ትሰካላታለች፤ የቀኑ ሥራ ያ ነው። አሥሩ መርፌ ካለቀ ሥራው ይቆማል። እሷ እያወራች ሰፋች፤ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፣ አንድም ቦታ አልተጣመመም። ኮሌታውን ጨርሳ እጇን ወደ ትራሷ ስትሰድ የቀረው መርፌ ሁሉ ክር የሌለው ነበር። አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው፣ እርግጠኛ ሆነች፣ እጇን መለሰች።

የክሩ ጥቅል ከጉልበቴ አጠገብ ነበር። መነጽሬን ከኪሴ አወጣሁ። ከዚያም ተውኩትና ጠየቅኋት።

«ክሩን ላስገባልሽ?»

ትንሽ አሰበች።

«አይ» አለች። «ልጄ ስትመጣ ታስገባዋለች።»

ኮሌታውን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እኔም መነጽሬን መልሼ ከተትኩ። መስኮቱ እስኪደበዝዝ፣ የልጅቷ ኮቴ ከደጅ እስኪሰማ ድረስ፣ ሁለታችንም እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን።